ዝንብን በዕፅዋት ለመከላከል፤ ከመርጨት በፊት መሞከር

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ መጋዘንና ስለ መኖ ዋጋ መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ዝንብ መናገር የበዓሉን ወግ የሚያጎድል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በወተት ማኅበር ውስጥ የአንዱ አባል ወተት ከሌላው ወተት ጋር በአንድ ማጠራቀሚያ ይቀላቀላል። አንድ አባል ዝንብ አስመርሮት ለማሳ ተባይ ወይም ለጎተራ ነቀዝ የገዛውን መርዝ በላሙ ጀርባና በጋጣው ላይ ቢረጭ፣ መዘዙ በእርሱ ቢዶን ውስጥ አይቀርም፤ የጎረቤቶቹን ሁሉ ወተት ይዞ ይሄዳል። ዝንቡን ዝም ብሎ ቢተወው ደግሞ ከእበት ላይ የተነሣው ዝንብ በላሟ ጡት ጫፍ፣ በማለቢያው ዕቃና በወተቱ ላይ ያርፋል፤ ወተቱም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ በርካታ አባላት ከሁለቱም የሚያወጣቸው መንገድ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት ማዞራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የትኛው ተክል፣ በምን መልክ ተዘጋጅቶ፣ በየትኛው የዝንብ ዕድሜ ላይ እንደሚሠራ ሞክረው ካላዩ በቀር ማወቅ አይቻልም። የአሞካከሩም ነገር ራሱን የቻለ ጥንቃቄ አለው።

ጠዋት በወተት ማሰባሰቢያው ሰልፍ ላይ ምክር አይታጣም። «እትዬ፣ ጥንጁት ያጭሱበት፣ ድራሹ ይጠፋል» ትላለች አንዷ። «ጋሼ፣ ትምባሆ ዘፍዝፈው ቢረጩበት አንድም አይተርፍ» ይላል ከኋላ የቆመው ወጣት። ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ኒምን ያነሣል። ሌላው ደግሞ ብርብራ ዓሣ ከገደለ ዝንብማ ምን ያቅተዋል ባይ ነው። እነዚህ ሰዎች አይዋሹም፤ ሁሉም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ችግሩ ያዩት ለውጥ በተክሉ ምክንያት የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚለዩበት ማወዳደሪያ በእጃቸው አለመኖሩ ነው። ዝንብ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙለት ይበዛል፤ ብርዱና ደረቁ ወር ሲገባ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ኅዳር ላይ የረጨ ሰው ታኅሣሥ ላይ ዝንቡ ቢቀንስለት የሚያመሰግነው የረጨውን ነው፤ ብርዱን የሚያመሰግን የለም።

ማወዳደሪያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከእንዶድ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ለቢልሃርዝያ ጥናት አድዋ በነበሩበት ጊዜ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር፤ ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ያሉት ግን ደህና ነበሩ። ከላይ ያለውን ሳያዩ ቢቀሩ ኖሮ የቀንድ አውጣዎቹን ሞት በጎርፍ ወይም በሙቀት ማመካኘት ይቻል ነበር። እርሳቸው በዚህም አላበቁም፤ አንዲት አጣቢ የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የዘለቀ ምርምር ተከተለ፤ ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ሲባል እንዶድ የዝንብ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። በጋጣ ውስጥ ለሚደረግ ሙከራም እንደ ወንዙ ሁሉ «ከላይ» ያለው ሳይረጭ የሚቀር ክፍል ያስፈልገዋል ለማለት ነው።

ወደ ዝንቡ እንመለስ ከተባለ፣ የቤት ዝንብ አራት የዕድሜ ደረጃዎች አሉት፤ ዕንቁላል፣ ትል፣ ሙሽሬና ክንፍ ያለው ዝንብ። እንስቷ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 የሚደርስ ዕንቁላል በእርጥብ እበት፣ በበሰበሰ ጉዝጓዝና በተበላሸ መኖ ውስጥ ትጥላለች፤ በዕድሜዋ እስከ 500 ልትጥል ትችላለች። ዕንቁላሉ አንድ ቀን ሳይሞላው ይፈለፈላል። ትሉ ከእርጥቡ እየበላ፣ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል፤ ሲበቃው ወደ ደረቁ ጠርዝ ይሳብና የስንዴ ፍሬ በምታህል ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ሙሽሬ ይሆናል። በሞቃት ወቅት ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ያልቃል፤ በደጋ ብርድ ጊዜው ይረዝማል። እንግዲህ በግድግዳው ላይ የሚታየው ዝንብ ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ገና እበት ውስጥ ነው። ግድግዳ ብቻ የሚረጭ ሰው ዛሬ ያሉትን ቢጨርስ እንኳ ከነገ ወዲያ ተተኪዎቹን ይቀበላል።

ዝንብ መርዝን የሚለማመድ ነፍሳት መሆኑም መታወስ አለበት። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያሳየው ፖል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ዲዲቲ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች በስዊድንና በጣልያን አስቀድመው ታይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የወጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ከዕፅዋት የተገኘ ነገርም ከዚህ ነፃ አይደለም።

ከዕፅዋቱ ብዙ የተጠናው ኒም ነው። በድሬዳዋና በጋምቤላ መንገድ ዳር ጥላ የሚሰጠው ይኸው ዛፍ ነው። በፍሬው አስኳል ውስጥ በብዛት የሚገኘው አዛዲራክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ዝንብን እንደ መርዝ ወዲያው አይጥልም። ትሉ ምግብ እንዲጠላ ያደርጋል፤ ይልቁንም ቆዳ የሚቀይርበትን ሥርዓት ያውካል። ትሉ ሳይሞት ለቀናት ይቆይና ሙሽሬ መሆን ያቅተዋል፣ ወይም ሙሽሬ ሆኖ ዝንብ ሳይወጣው ይቀራል። ስለሆነም ኒም ረጭቶ በማግሥቱ እበቱን የሚገልጥ ሰው ትሎቹ ሲርመሰመሱ አይቶ «ይኼማ ውኃ ነው» ብሎ ቢተወው አያስደንቅም። የቸኮለ ቆጣሪ ኒምን ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል።

ፒሬትረም ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከነጭ አበባ የሚገኝ ሲሆን በጎረቤት ኬንያ ለረጅም ዘመን ለውጭ ገበያ ሲመረት ኖሯል። ዝንቡ ላይ ሲያርፍበት በደቂቃዎች ውስጥ ይጥለዋል። የሚያየው ሰው በጣም ይደሰታል። ይሁን እንጂ መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ከወደቁት ዝንቦች ብዙዎቹ ከሰዓታት በኋላ ተነሥተው ይበራሉ፤ የዝንቡ ሰውነት መርዙን አፍርሶ ያስወግደዋል። ይህን ማፍረስ የሚያግድ ነገር በሰሊጥ ዘይት ውስጥ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ታውቆ ነበር፤ ዛሬ ከፒሬትረም ጋር የሚቀላቀለው አጋዥ ንጥረ ነገርም ከዚያ ግኝት የተነሣ ነው። ሰሊጥ አምራች አባላት ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል። በመሆኑም ፒሬትረምን በ10ኛው ደቂቃ የሚቆጥር ሰው ያለ ልክ ያመሰግነዋል። የወደቁትን ዝንቦች በስኳር ውኃ የራሰ ጥጥ ባለበት ጠርሙስ ሰብስቦ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ስንቱ እንደቆመ ማየት ያስፈልጋል። ፒሬትሮይድ የሚባሉት የፋብሪካ መድኃኒቶች የዚህን አበባ ኬሚካል አስመስለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ እነርሱን የተለማመደ ዝንብ ለአበባውም እንዳይበገር የሚያሰጋ ሁኔታ አለ።

የጥንጁት ጢስ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት፣ ቤትም የሚታጠንበት የቆየ ባህል ነው። ጢስ ዝንብን ያባርራል፤ ማባረር ግን መግደል አይደለም። ዝንቡ ሄደ ሲባል የሄደው ጎረቤት ጋጣ ሊሆን ይችላል፤ ጢሱ ሲበርድም ይመለሳል። ለወተት ማለቢያው ግማሽ ሰዓት ከሆነ የተፈለገው በቂ ነው፤ ዝንብን ለመቀነስ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ብርብራና ትምባሆ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋቸዋል። ብርብራ ሮቴኖን የተባለ ነፍሳት ገዳይ ንጥረ ነገር አለው፤ ፍሬው ተፈጭቶ ዓሣ ማጥመጃ የሆነውም በዚሁ ነው። በመሆኑም የተረጨበት ዕቃ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ መታጠብ የለበትም። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ደግሞ በሰው ቆዳ በኩል ሰርጎ የሚገባ ከባድ መርዝ ነው። በላም ጡት፣ በማለቢያ ዕቃና ሕፃናት በሚነኩት ቦታ አጠገብ ሊደርስ አይገባም፤ ለወተት ማኅበር ሙከራም ከመነሻው ባይታሰብ ይመረጣል። ከተክል የተገኘ ሁሉ አይጎዳም የሚለው አነጋገር አስተናግር በበቀለበት አገር እንዴት እንደተለመደ ይገርማል።

ስለ ኒም ሌላ ማሳሰቢያ አለ። በብዙ ቦታ «ኒም» ተብሎ የሚጠራው ሜሊያ የተባለው ዘመዱ ነው። የኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድረው የወጡ ጥርሳም ትንንሽ ቅጠሎች አሉት፤ የሜሊያ ዘንግ ግን እንደገና ቅርንጫፍ አውጥቶ ትንንሾቹ ቅጠሎች በቅርንጫፎቹ ላይ ይደረደራሉ። የሜሊያ ፍሬ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። እውነተኛው ኒም ውርጭ ስለማይችል ደጋ ላይ «ኒም አለኝ» የሚል አባል ቅጠሉን ይዞ መጥቶ ቢያሳይ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። ለወጪ የሚያሰጋ ነገር የለውም። አፋቸው የተቆረጠ እኩል መጠን ያላቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ሻሽ፣ ላስቲክ ማሰሪያ፣ ሙቀጫና የማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። የኒም ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ከተላጠ በኋላ ጥላ ሥር በደንብ ይደርቃል፤ ሻጋታ የያዘው ይጣላል። አስኳሉ ተወቅጦ ለሰብል ተባይ በተለመደው መጠን፣ ማለትም 500 ግራም በ10 ሊትር ውኃ፣ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፍና በጨርቅ ይጠለላል። ከዚያም ከአንድ ላም የአንድ ቀን እበት ተወስዶ ለ6 ጠርሙሶች በእኩል ይከፋፈላል። በየጠርሙሱ ከአንድ ክምር የተለቀሙ፣ መጠናቸው የተቀራረበ 20 ትሎች ይጨመራሉ። የትኛው ጠርሙስ ኒም እንደሚያገኝ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይወጣለታል፤ ሰው በእጁ ከመረጠ ሳያስበው ደካሞቹን ትሎች ለኒሙ ሊሰጥ ይችላልና። ለሦስቱ የኒሙ ውኃ፣ ለሦስቱ እኩል መጠን ያለው ተራ ውኃ ይደረጋል። በኒሙ ውስጥ እንዲጣበቅ ተብሎ ሳሙና ተጨምሮ ከሆነ በተራው ውኃም ውስጥ ያው ሳሙና መግባት አለበት። አለዚያ የሳሙናው ሥራ ለኒሙ ይቆጠራል።

ጠርሙሶቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባሉ ይሰየማሉ፤ ቆጣሪው የትኛው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል። የሚቆጠረውም የሞተ ትል ሳይሆን የወጣ ዝንብ ነው። በውኃዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ መውጣት ካቆመ በኋላ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ይጠበቃል፤ ኒም የነካው ትል ሊዘገይ ይችላልና።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል ከተራው ውኃ ጠርሙስ 18 ዝንብ፣ ከኒሙ 9 ዝንብ ወጣ እንበል። ማወዳደሪያ የሌለው ሰው ከ20ው ትል 11ዱ ስለቀሩ «55 በመቶ ገደለ» ይላል። ነገር ግን 2ቱ በውኃም ቢሆን ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ኒሙ ያስቀረው ከ18ቱ 9ኙን፣ ማለትም 50 በመቶውን ነው። ይህን ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በ1925 ያስተዋወቀው አቦት የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ ሲሆን እስካሁንም ይሠራበታል። በተራው ውኃ ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ ከሞተ፣ ማለትም ከ20 ትል ከ4 በላይ ከጠፋ፣ ትሎቹ ሲለቀሙ ተጎድተዋል ወይም እበቱ ደርቋል ማለት ስለሆነ ሙከራው ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። ይህ ብዙ ሰው የሚያመው ሕግ ነው፤ ሦስት ሳምንት ጠብቆ ውጤት መጣል አያስደስትም። ያልተጣለ የተበላሸ ውጤት ግን የማኅበሩን ገንዘብ ያወጣል።

በጠርሙስ ውስጥ የተሳካው ወደ ጋጣ ሲሄድ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። በዝንብ ማረፊያዎች ላይ 8 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ካርድ ይሰቀላል። ዝንብ ባረፈ ቁጥር ነጥብ ይጥላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ነጥቦቹ ይቆጠራሉ። በአሜሪካ የከብትና የዶሮ እርባታዎች በአንድ ካርድ በሳምንት 100 ነጥብ ከተገኘ ዝንቡ በዝቷል ተብሎ ይወሰዳል። ይኸው ካርድ በሚረጨውም በማይረጨውም ጋጣ፣ በተመሳሳይ ሳምንታት፣ ከመርጨት በፊትም በኋላም መሰቀል አለበት። የፀሐይ ብርሃን አዛዲራክቲንን በቀናት ውስጥ ስለሚያፈርሰው ርጭቱ አመሻሽ ላይ፣ ከወተት አለባ በኋላ፣ እበቱ ላይ ይደረጋል። ሽታ ያለውን ነገር፣ በተለይ ነጭ ሽንኩርትን፣ በአለባ ሰዓት ማቅረብ የወተቱን ጣዕም ይለውጣል።

በማይረጨው ጋጣ ውስጥ እበቱ በየቀኑ ከተጠረገ ግን ሙከራው አንድ የማይጠበቅ ነገር ሊያሳይ ይችላል፤ ያልተረጨው ከተረጨው ያነሰ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ኩበት ተጠፍጥፎ ፀሐይ ሲመታው ትሉ መኖሪያ ያጣል። ዝንብ የሚፈለፈለው ሽንትና ጉዝጓዝ በተቀላቀለበት፣ ለቀናት ባልተነካው እርጥብ ክምር ውስጥ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ኮምፖስት መሐሉ ትል እስከሚገድል ድረስ ይሞቃል፤ ጠርዙ ግን ስለማይሞቅ መገላበጥና መሸፈን ይገባዋል። በሙከራው ጊዜ የሁለቱም ጋጣ አጠራረግ አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ኒም ከቆላ ተጭኖ የሚመጣበት ዋጋም ከአንድ ሰዓት የአካፋ ሥራ ጋር ተወዳድሮ መታየት አለበት።

የሕፃናት ዐይን ጉዳይ በየስብሰባው ስለሚነሣ በአጭሩ መጥቀስ ያስፈልጋል። በፓኪስታን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ዝንብን በመከላከል የሕፃናት ተቅማጥ በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ለቤት ዝንብ ነው። ትራኮማን በማዛመት የሚታወቀው የዐይን ዝንብ ግን የተለየ ሲሆን በዋናነት የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። በጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት መድኃኒት በተረጨባቸው መንደሮች በሕፃናት ዐይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ 88 በመቶ፣ ያለ መርጨት መጸዳጃ ቤት በተሠራባቸው መንደሮች 30 በመቶ ቀንሷል። እበቱን በኒም ያረሰ አባል የልጁ ዐይን ላይ ያለው ዝንብ ባይቀንስለት ኒሙን ከመውቀሱ በፊት ጓሮውን ይመልከት።

ሙከራው መልካም ውጤት ቢያሳይና ዩኒየኑ በጠርሙስ ሞልቶ ለአባላት ለመሸጥ ቢያስብ፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ለገበያ እንዲቀርብ እንደማይፈቅድ ማወቅ ይገባል። ገበያ ላይ «ከቅጠል የተሠራ» እየተባለ ምልክት በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውም በዚሁ ዓይን ይታያል።

ለጊዜው የሚያስፈልገው ከየመሠረታዊ ማኅበሩ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ጋጣዎች፣ ካርድ የሚቆጥር አንድ ወጣትና በወተት ማሰባሰቢያው የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። ጠርሙሶቹ ጥላ ሥር፣ ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ዶሮ ሻሹን ቀድዳ 20ውንም ትል ከለቀመች ያ ጠርሙስ ከቁጥር ይወጣል፤ በደብተሩም ላይ ኒም ገደለው ተብሎ እንዳይመዘገብ «ዶሮ በላው» ተብሎ ይጻፍ።